የከርቤ ቀማሿ

በደዋ ማዶ ከተማ ሰው ከአልጋው ሲነሳ መጀመሪያ የሚያየው ገላውን ነው። መብራት አብርቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ከጣት ጥፍሩ እስከ ተረከዙ ይመረምራል፤ ጀርባውን ደግሞ አብሮት የሚኖር ሰው ያይለታል። ብቻውን የሚኖር የጎረቤቱን በር ያንኳኳል፤ ጎረቤትም "ደህና አደርክ" ከማለቱ በፊት "ዙር" ይለዋል። በዚህ ማፈር ከቀረ ቆይቷል። ጭረት የተገኘበት ሰው ቀጥ ብሎ ቁስል ቤት ይሄዳል፤ ለምን ከሥራ ቀረህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

ይህ ሁሉ የመጣው መድኃኒቶቹ እምቢ ካሉ ወዲህ ነው። ሰዉ ዘመኑን "እምቢታው" ይለዋል። ድሮ በአንድ ሳምንት ክኒን ይድን የነበረ ቁስል አሁን እግር ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴም ባለቤቱን ጨምሮ። ጺምን በምላጭ መላጨት ቀረ። የሴት ልጅ ጆሮ መበሳት ቀረ። ልጆች ኳስ የሚጫወቱት ጉልበትና ክርናቸውን በወፍራም ስፖንጅ ተጠቅልለው ስለሆነ፣ ሲሮጡ ለሚያያቸው ትራስ የሚሮጥ ይመስላል። ቢላዋ የሚቀመጠው ተቆልፎበት ነው። ከተሞቹ በየግቢው የነበረውን ጽጌረዳ፣ ቁልቋልና አጋም ሁሉ ነቅለው ጣሉ። እሾህ ሳይነካ የቀረው በቆላው ምድረ በዳ ብቻ ነው።

ታዲያ የታመነው ብቸኛ የቁስል መድኃኒት የተገኘው እዚያው እሾህ መሀል ሆነና ሰዉን ሁሉ ግራ አጋባ። የከርቤ ዛፍ ይባል እንጂ ቁመቱ ከሰው እምብዛም የማይበልጥ፣ ቅርንጫፉ በሙሉ በእሾህ የሚያልቅ ቁጥቋጦ ነው። ሙጫውን የሚለቅሙለት ሰዎች እጃቸው ሳይጫር አንድ ቀን አይውሉም። ከተሜው ይህን ያውቃል፤ ግን አያነሳውም።

ትርሲት አየነው የዚህች ከተማ የከርቤ ቀማሽ ናት። ባሏ ምንተስኖት የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ባለፈው ዓመት ቆርቆሮ ረግጦ ተረከዙ ከተቀደደ ወዲህ የሚያስተምረው እቤቱ ተቀምጦ ነው። ጠዋት ጠዋት ትርሲት ተንበርክካ ፋሻውን ትፈታለች። ከብልቃጡ የተበጠበጠ ከርቤ በጥጥ ነክራ ቁስሉን ትጠርግና አዲስ ፋሻ ታስርለታለች። ቁስሉ መጀመሪያ ላይ ደህና እየገጠመ ነበር። ከዝናቡ ወዲህ ግን ባለበት ቆሟል፤ አይሻለው፣ አይብስበት።

"የዛሬውስ እንዴት ነው?" ይላታል።

"እየገጠመ ነው።"

"ትናንትም እየገጠመ ነበር እኮ።"

"ታዲያ ገጥሞ ያልቃላ።"

ከዚያ ቁርስ ይበላሉ። የቀማሽ ቤት ምግብ የታወቀ ነው። በርበሬ የለ፣ ሚጥሚጣ የለ፣ ዝንጅብል የለ፣ ሎሚ የለ፤ ጨውም ለይምሰል ነው። ደንቡ የሚያስረው ቀማሿን ብቻ ቢሆንም፣ በአንድ ቤት ሁለት ድስት መጣድ የማይመች ነገር ስለሆነ ምንተስኖትም ካገባት ጀምሮ በርበሬ ቀምሶ አያውቅም። በወላይታ አባቱ ቤት ዳጣ በማንኪያ እየዛቀ ያደገ ሰው ነው። "እኔ ያገባሁት ምላስ ነው፤ ሴትየዋ በምርቃት መጣች" እያለ እንግዳ ያስቃል። ትርሲትም ትስቅ ነበር። ካለፈው ዝናብ በፊት ከያዛት ትኩሳት ወዲህ ግን ይህ ቀልድ ሲነሳ ሳህን ለማንሳት ብድግ ትላለች።

ምክንያቱም ምላሷ ሞቷል።

ትኩሳቱ ለቆ ሲሄድ ምሬትን ይዞ ሄደ፤ ጣፋጩንም፣ ጨውንም፣ ሽታንም። መጀመሪያ ይመለሳል ብላ ጠበቀች። ቀጥሎ ነገ እናገራለሁ አለች። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስከ አሁን ያልተናገርኩትን ምን ብዬ እናገራለሁ ማለት ጀመረች። የቀማሽ ቤተሰብ ወረፋ ሳይጠብቅ ከርቤ ያገኛል። ሥራዋ ከቀረ የምንተስኖት ብልቃጥ ይቀራል፤ የሌላው ሰው ወረፋ ደግሞ ተረከዝ የሚጠብቀው ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ማንም ሳያውቅ፣ ባሏም ሳይሰማ፣ አልጫውን ለሁለቱም መቀቀሏን ቀጠለች። እርሷ በርበሬውን በጭልፋ ብትበላው ምንም አይጎድልባትም። ሰውየው ግን ለሌለ ምላስ ሲል ይጾማል። 

መመርመሪያ መሣሪያ አልጠፋም። ችግሩ መሣሪያው የሚጠይቀውን ሁሉ የሚያሟላ ሐሰተኛ ከርቤ ከመሣሪያው ቀድሞ ገበያ መድረሱ ነው። መልኩ ያው፣ ስብራቱ ያው ሆኖ ቁስል ላይ ከጭቃ አይሻልም። ሐሰተኞቹ ያልቻሉት ምሬቱን ብቻ ነው። ስለዚህ አዋጅ ወጣ፤ ከርቤ ያለ ሰው ምላስ አይታተምም ተባለ። የደዋ ማዶ ቅምሻ ጣቢያ ማኅተም ላይ ያለው ስም የትርሲት ነው፤ በእሱ የታተመ ብልቃጥ እስከ ሰሜን ጫፍ ድረስ ይሄዳል።

ቅምሻው ቀላል ነው። ከአቅራቢው ጭነት መሀል አንድ የሙጫ ፍሬ ይመረጥና ለሁለት ይሰበራል። መጀመሪያ አቅራቢው ይቀምሳል፤ አንድ ቀማሽ ተመርዞ ከሞተ በኋላ የመጣ ደንብ ነው። ቀጥላ ቀማሿ ትቀምስና መሐረቧ ላይ ተፍታ ፍርዷን ትናገራለች። ለእያንዳንዱ ጭነት አዲስ መሐረብ ይወጣል።

ትርሲትን በሥራዋ ላይ ያቆያት ይህ ደንብ ነው። እርሷ የምታየው የአቅራቢውን ጉሮሮ ነበር። እውነተኛ ከርቤ የቀመሰ ሰው ምራቁ አፉን ይሞላዋል፤ ሳይወድ ሁለት ጊዜ ይውጣል። ሐሰተኛ ያመጣ ሰው ፊቱን ሊያጨማድድ ይችላል፤ ጉሮሮው ግን አያግዘውም። እንደዚህ ነበር ስሌቷ። አብዛኞቹ አቅራቢዎች የከተማ ነጋዴዎችና ሾፌሮች ስለሆኑ እስከ ዛሬ የሚያስቸግር አልገጠማትም። ወይም እንዳልገጠማት ለራሷ ነግራለች።

ከዚያ ኤዶ ሸምሶ መጡ።

"ኤዶ" በአገሩ ወግ አክስት ማለት ነው፤ ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች ሁሉ ይባላል። ኤዶ ሸምሶ ከደዋ ወንዝ ባሻገር ካለች መንደር በግመል ሁለት ጆንያ ጭነው፣ ነጋዴ ሳይቀድማቸው ራሳቸው ይዘው የመጡ ለቃሚ ነበሩ። እጃቸው ባዶ ነው፤ ጓንት አላጠለቁም። ከክርናቸው በታች ያለው ቆዳ በድሮ ጭረት የተሸነታተረ ነው። ወረፋ የያዙት ሰዎች ራቅ አሉላቸው።

"የት ነው የተለቀመው?" አለች ትርሲት፤ የሁልጊዜ ጥያቄዋ ነው።

"ከአባቴ ዛፎች።"

"ዛፉን በስተው ነው?"

"እኛ ዛፍ አንበሳም። ራሱ ያለቀሰውን ነው የምንለቅም።"

ፍሬው ተሰበረ። ኤዶ ሸምሶ ግማሹን ወስደው አፋቸው ውስጥ አደረጉ። ፊታቸው አልተነቃነቀም። ትርሲት ጉሮሯቸውን አየች፤ አልተነቃነቀም። ጠበቀች። ሴትየዋ ውሃ እንደጠጣ ሰው ዝም ብለው ያዩአታል። ትርሲት የራሷን ግማሽ አፏ ውስጥ አገላበጠችው። እንደ ጠጠር ነበር። መሐረቧ ላይ ተፋችው።

"ሐሰተኛ ነው" አለች።

የጣቢያው ጸሐፊ ቀና አለ። ኤዶ ሸምሶ የሰሙ አልመሰሉም።

"ምን አልሽ?"

"ከርቤ አይደለም፣ ኤዶ።"

"ልጄ፣ ቀምሰሽዋል?"

"ቀምሻለሁ።"

"በዚህ ነው እኮ የልጆቼን እትብት ያሸሁት። በዚህ ነው ጥርሴን የማጥበው፤ የግመሎቼን ቁስል የማደርቀው። እንደገና ቅመሺው።"

ደንቡ በአንድ ጭነት ላይ ሁለቴ መቅመስን አይፈቅድም። ዘበኞቹ ጆንያዎቹን ጎትተው ወሰዱ። የሐሰተኛ አቅራቢ ቅጣት በራሱ አያበቃም፤ መንደሩ በሙሉ ከቁስል ቤት ይታገዳል። አዋጁን ያረቀቁት ሰዎች መንደርተኛው እርስ በርሱ እንዲጠባበቅ ብለው ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ሐሳብ ይመስል ይሆናል። ኤዶ ሸምሶ የመንደራቸው ስም ከቁስል ቤት መዝገብ ሲዘጋ ቆመው ሰሙ፤ ከዚያም ይግባኝ እላለሁ ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ።

ትርሲት ቤቷ ስትገባ ልቧ ደህና አልነበረም፤ ቢሆንም ጉሮሮውን አይቻለሁ እያለች ራሷን አጽናናች። እራት ቀረበ። የኤዶ ሸምሶን ፍሬ የተፋችበት፣ ከእጇ ሳትጥለው የመጣችው መሐረብ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ምንተስኖት ጨዋታ ይዞ፣ ሳያይ፣ አንስቶ አፉን ጠረገበት።

ወዲያው ፊቱ ተጨማደደ። ዓይኑ ዕንባ አቀረረ። ትርሲት ሳታስበው ጉሮሮውን አየች፤ አንድ ጊዜ ዋጠ፣ ደገመ።

"እግዚኦ፣ ምን ዓይነት ምሬት ነው። የዛሬው ከርቤ ምን በልቶ ነው ያደገ?" እያለ ውሃ አነሳ። "ይሄስ ሙት ያነሳል። መቼም ማኅተሙን እየደጋገምሽ ነው የመታሽለት።"

ትርሲት መሐረቧን አጥፋ ኪሷ ከተተች። ያን ማታ ብልቃጡ ከአልጋው ራስጌ፣ ከተለመደው ቦታው ላይ ነበር፤ ላዩ ላይ ስሟ አለ። አንድ ጊዜ አየችው። የአንድን ጨርቅ ምሬት የለየ ምላስ ሌላም ሊለይ እንደሚችል ያኔውኑ ገብቷት ነበር። ዓይኗን መለሰች።

በማግስቱ የጣቢያው ኃላፊ አቶ ቴዎፍሎስ ቢሮ ገባች። "በትናንቱ የሴትየዋ ጭነት ተሳስቼ ይሆናል" አለችው።

"ይሆናል ማለት ምን ማለት ነው?" አለ አቶ ቴዎፍሎስ። ጨዋ ሰው ነው፤ ሁልጊዜ ጓንት አጥልቆ ነው የሚጽፈው።

"ተሳስቻለሁ።"

"ወይዘሮ ትርሲት፣ ሴትየዋ ይግባኝ ብለዋል እኮ፤ ዳግም ቅምሻ ይደረጋል። እዚያ ታርሚዋለሽ።"

ዳግም ቅምሻ ማለት እንዲህ ነው። ሁለት የተሸፈኑ ሳህኖች ይቀርባሉ፤ በአንዱ የተከሳሹ ጭነት፣ በሌላው ከመጋዘን የወጣ ሐሰተኛ። የቱ የቱ እንደሆነ የሚያውቀው ኃላፊው ብቻ ነው። ቀማሿ ከሁለቱ አንዱን እውነተኛ ብላ ከመረጠች፣ ያም የተከሳሹ ሆኖ ከተገኘ፣ እገዳው ይነሳል። ከተሳሳተች ወይም ሁለቱንም ሐሰተኛ ካለች ፍርዱ ይጸናል፤ ከዚያ ወዲያ ይግባኝ የለም። "ይመርራል" ብሎ መዋሸት ብቻ አይበቃም። ትርሲት ይህን ሰምታ ምላሴ ሞቷል የሚለውን ቃል ሳትናገር ከቢሮው ወጣች።

የቅምሻው ቀን ከኤዶ ሸምሶ ጋር የመንደሩ ሽማግሌዎች መጡ። አዳራሹ ግድግዳ ጥግ በአንድ መስመር ተቀመጡ። አንደኛው እግሩ በቅጠል ተጠቅልሏል። ከእገዳው ወዲህ ቁስል ቤት እንዳልተቀበለው ትርሲት ማንንም ሳትጠይቅ ገባት።

ሳህኖቹ ቀረቡ። ኤዶ ሸምሶ እንደ ደንቡ ቀድመው ከመጀመሪያው ሳህን ቀመሱ። ፊታቸው እንዳለ ነው። ትርሲት ጎንበስ ብላ ጉሮሯቸውን ጠበቀች፤ ምንም የለም። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሴትየዋ የትርሲት ዓይን የት ላይ እንደነበረ አይተዋል።  ከዚያ ወደ ሳህኑ አዩ፤ ወደ ትርሲት አፍ አዩ፤ ወደ ገዛ አንገታቸው እጃቸውን ሰደድ አድርገው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

ትርሲት ከመጀመሪያው ቀመሰች። ጠጠር ነው።

ሁለተኛው ሳህን ተከፈተ። ኤዶ ሸምሶ ፍሬውን አፋቸው ውስጥ አድርገው ቆዩ። ሽማግሌዎቹን አላዩም። ቀስ ብለው፣ እንደማያውቁበት ሰው፣ ግንባራቸውን ሰበሰቡ፤ አፍንጫቸውን ነፉ፤ ከንፈራቸውን አጣመሙ። ከግድግዳው ጥግ አንዱ ሽማግሌ በሶማሊኛ አንድ ነገር አጉረመረመና ፊቱን አዞረ። የኤዶ ሸምሶ ጉሮሮ ግን አሁንም አልተነቃነቀም።

በትርሲት መለኪያ ይህ የሐሰተኛ ፊት ነው። ስንቱን ነጋዴ ሐሰተኛ ብላ የመለሰችው እንዲህ ያለውን ፊት አይታ ነው። ቀመሰች፤ ይህም ጠጠር ነበር። አዳራሹ ሁሉ እርሷን ይጠብቃል። የሴትየዋ ዓይን ከተጨማደደው ፊት ውስጥ ሆኖ ዝም ብሎ ያያታል።

"ሁለተኛው ከርቤ ነው" አለች። "ይመርራል።"

አቶ ቴዎፍሎስ ከሳህኑ ሥር ያለውን ምልክት አየና ራሱን ነቀነቀ። እገዳው ተነሳ። ጸሐፊው የመንደሩን ስም መልሶ ከፈተ፤ እግሩ በቅጠል የተጠቀለለው ሽማግሌ ወደ ቁስል ቤት ተወሰደ። ሌሎቹ ኤዶ ሸምሶን ሳያነጋግሩ ወጡ።

ትርሲት ጣቢያው ጀርባ፣ ግመሉ የታሰረበት ድረስ ተከተለቻቸው።

"ኤዶ።"

"ምላስሽ መቼ ሞተ?" አሉ ሳይዞሩ፤ ጭነቱን እያጠበቁ ነበር።

"ትኩሳት ይዞኝ ነበር። ከዝናቡ በፊት።"

"ዝናቡ ከመጣ ስንት ጊዜው።"

"ባለቤቴ እግሩን ታሞብኝ ነው፣ ኤዶ። ሥራውን ካጣሁ..."

"የእኔም ወንድም እግሩን ታሞ ነበር። አየሽው።" ገመዱን ቋጠሩ። "በእኛ ዘንድ ዛፍ ያለቀሰውን ፊት አጨማዶ መቀበል ነውር ነው። እናቴ ገና ሕፃን ሆኜ ነው ያስተማረችኝ። ሳልለይ የቀረሁበት ቀን የለም፤ ምሬቱ ለእኔ እንደ ውሃ ነው። ዛሬ በወንድሞቼ ፊት፣ እንደ ሕፃን ልጅ ፊቴን አበላሸሁ። ስላንቺ አይደለም። ስለ እግራቸው ነው።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

ኤዶ ሸምሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩአት። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ትርሲት ቁጣ ቢሆን ትመርጥ ነበር።

"እኔ አንድ መንደር ነኝ። እኔ ይቅር ብልሽ ምን ይረባሻል? በስምሽ የታሰረው ቁስል ሁሉ የት የት እንዳለ ታውቂያለሽ?" አሉና ግመሉን አስነሱ። ትንሽ ሄድ ብለው ደግሞ፣ "ሽማግሌዎቹ ጅል አይደሉም። ፊቴን ለምን እንዳጨማደድኩ ጠይቀውኛል። ነገ ወንዙን የሚሻገር ሁሉ ይሰማል" አሉ።

ወሬው የተሰማው ቶሎ ነው። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወረፋው ከወትሮው ረዘመ። የመጀመሪያው አቅራቢ ፍሬው ገና ከምላሱ ሳይደርስ ፊቱን አጨማደደ፤ ሁለት ጊዜ ዋጠ። ሁለተኛውም ሁለት ጊዜ ዋጠ። ሦስተኛው ወጣት ሾፌር ነበር፤ ዓይኗን እያየ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እንዲታይለት አመቻችቶ ዋጠላት። ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። የእውነቱም የውሸቱም ሰው አንድ ዓይነት ፊት ይዞ ተሰልፏል። ትርሲት ማኅተሙን እንደያዘች ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። እስከ አሁን ሐሰት የምትለው ነገር ለራሷ ቢያንስ ግምት ነበር፤ አሁን ግምትም የለም።

ማኅተሙን ይዛ አቶ ቴዎፍሎስ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

"ምላሴ ሞቷል። ከዝናቡ በፊት ጀምሮ። ያተምኩት ሁሉ ይመርመር።"

አቶ ቴዎፍሎስ መጀመሪያ በሩን ዘጋ። ማኅተሙን በጓንቱ ጫፍ ወደ እርሷ ገፋው። "ደክሞሻል" አላት በለሰለሰ ድምፅ። "በአንቺ ማኅተም ስንት ቁስል ቤት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ። ይመርመር ማለት ይዘጋ ማለት ነው። ዛሬ ግቢና እረፊ፤ እኔ የሰማሁት ነገር የለም።"

"ሰምተሃል" አለች ትርሲት። "ካልጻፍከው ሄጄ ለቁስል ቤቶቹ ራሴ እናገራለሁ።"

ማኅተሙን እዚያው ትታው ወጣች። ተሰልፈው በሚጠብቁት ሰዎች መሀል ስታልፍ አንዳንዶቹ ከልማድ ፊታቸውን አጨማደዱላት።

በመንገዷ ገበያ ገብታ በርበሬ ገዛች። ሻጯ ታውቃት ስለነበር በርበሬውን አፍሳ ከመስጠቷ በፊት ሁለት ጊዜ አየቻት። ፀሐይ ሳትገባ ድስቱ ተጣደ። ሽንኩርቱ ሲቁላላ፣ በርበሬው ሲገባ፣ ምንተስኖት ከአልጋው ሆኖ አስነጠሰ። በክራንቹ እያነከሰ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥቶ ቆመ።

"ማን ሊመጣ ነው?" አለ።

"ማንም አይመጣም። ተቀመጥ።"

አቀረበችለት። አንድ ጊዜ ጎረሰ። ዓይኑ ዕንባ ሞላ፤ ከማቃጠሉም ከሌላውም ነው። ሌላ ጎረሰ። ትርሲትም አብራው ጎረሰች፤ ከምላሷ የደረሳት ማቃጠሉ ብቻ ነበር።

"መቼ ነው?" አላት፤ ቀና ሳይል። ሞኝ ሰው አይደለም።

ነገረችው። ትኩሳቱን፣ ጉሮሮውን፣ መሐረቡን፣ ኤዶ ሸምሶን፣ ማኅተሙን ሁሉ ነገረችው። በየመሀሉ ለእግርህ ስል ነው ማለት ፈልጋ ነበር፤ አላለችም። ምንተስኖት እንጀራውን ይዞ ሰማ። ስትጨርስ ስድብ ጠበቀች፤ ወይም እንደ ልማዱ ቀልድ።

"ይህን ሁሉ ጊዜ ያለ በርበሬ" አለ መጨረሻ ላይ፤ እንደ ቀልድ ጀምሮት ቀልድ ሳይሆንለት ቀረ። ከዚያ ወደ አልጋው ራስጌ አየ። "ያንን ብልቃጥ አምጪልኝ።"

ትርሲት አልተነሳችም።

"ያንቺ ማኅተም ነው ያለበት አይደል?"

"የእኔ ነው።"

"ከትኩሳቱ በፊት ነው በኋላ?"

ቀኑ ብልቃጡ ላይ ተጽፏል፤ ሁለቱም ያውቁታል። ትርሲት ሄዳ አመጣችው። ምንተስኖት አፉን በውሃ ተጉመጠመጠ፤ እንደገና ተጉመጠመጠ፣ በርበሬው እስኪለቀው። ክዳኑን ከፈተ። ጣቱን ነክሮ ምላሱ ላይ አደረገና አፉን ዘጋ።

ትርሲት ከፊቱ ተቀምጣ ጉሮሮውን አየች። ከውጭ የልጆች ኳስ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል። ምንተስኖት ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ፤ ሊቀምስ የሚፈልግ ሰው እንደሚጠብቀው። እርሷም ጠበቀች።

ጉሮሮው አልተነቃነቀም።